ወንበሩ ስንተኛ ይገባል?

ወንድሜ ከግቢው በር ላይ ሆኖ «መኪና አመጣሁ!» ብሎ ሲጮህ ዕቃ ማጠቤን ትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። መኪና የሚባል ነገር ግን አልነበረም። አንድ አይሱዙ ኋላውን ወደ በራችን አዙሮ ቆሟል፤ ወዛደሮች ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች እያወረዱ ግቢያችን መሀል ይደረድራሉ።

«የታለ?» አልኩት።

«ይኸው!» አለኝ ሣጥኖቹን እያሳየ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል።

ክው አልኩ። ያሾፈብኝ መስሎኝ አንዱን ሣጥን በመዶሻ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ከላይ በስፖንጅ የተጠቀለለ መሪ፣ ከመሪው ሥር የመኪና በር፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ስማቸውን የማላውቃቸው ብረቶች ተኝተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ብቅ ብሎ ያያል። «ይሄን መኪና ማነው ያረደው?» አለ አንዱ ከበረንዳው ላይ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ ሳቄ አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የወንድሜ ወዳጅ የሆነ ነጋዴ፣ ተበታትኖ የሚመጣና ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለሙከራ አስመጥቶ ነበር። ያለቀለት መኪና በየመንገዱ ሞልቶ ሳለ ማን ቁጭ ብሎ ይገጣጥማል? ፈላጊ አጣ። ሰውዬው አገር ሲለቅ ሣጥኖቹን ለወንድሜ ተወለት። ወንድሜ ደግሞ ዕድሜውን ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ላዳዋ አርጅታ ከቆመች ወዲህ የሰው መኪና እየነዳ የሚያድር፣ የራሱ መሪ የናፈቀው ሰው ነው። እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል?

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ፣ ባለ እንጨት በረንዳ የቀበሌ ቤት ነው። ሁለታችንም የተወለድነው እዚያ ነው። ሠፈሩ እንደሚፈርስ ከተነገረን ሰንብቷል፤ በምትክ የተሰጠን ኮንዶሚኒየም ከተማው ሊያልቅ ሲል ያለ ነው። እኔም ወንድሜም አልቅሰን ወጥቶልናል። እናቴ ግን አላለቀሰችም። «እኔ ከዚህ ግቢ የምወጣው መመለሻዬን በዓይኔ ሳይ ነው» አለች። መመለሻ የምትለው ወደ ጊዮርጊስ ነው። የተዳረችው እዚያ ነው፤ አባታችንን የሸኘችው ከዚያ ነው፤ ማኅበርተኞቿ ያሉት እዚያው ዙሪያ ነው። እሑድ ጠዋት ደጁን ካልሳመች ሳምንቱ አይጀምርላትም።

የእናቴ ጉልበት ደግሞ በቤታችን የማይነሳ ርዕስ ነው። ዳገቱን ስትወጣ ያገኘችውን ሁሉ እያቆመች ሰላም ትላለች፤ የሊስትሮውን እናት ጤና፣ የሱቁን ባለቤት ልጆች፣ የማታውቀውን ሰው እንኳ «እንዴት አደርክ ልጄ» ብላ ታቆመዋለች። ሰላምታ የምታበዛው ለማረፍ መሆኑን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። አንድም ሰው ግን አፉን ሞልቶ «እግርዎን አመመዎት?» አይላትም። እሷም በሕይወቷ «አመመኝ» ብላ አታውቅም። ሚኒባስ መሳፈር ካቆመች ቆይታለች፤ ምክንያቱን ስንጠይቃት «ሙዚቃቸው ይረብሸኛል» ትለናለች። እኛም አምነን እንደተቀበልን እናስመስላለን። ሩቅ መሄድ ሲኖርባት ሀጂ ከየትም ፈልገው ላዳ ያስጠሩላታል። ሀጂ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው፤ ድልድዩ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ።

እና ያ በሣጥን የመጣ መኪና መመለሻዋ ሆነ። ቤቱን ከመልቀቃችን በፊት ተገጣጥሞ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ እናቴ አትነቃነቅም፤ እሷ ካልተነቃነቀች ደግሞ ማን አባቱ ያነቃንቃታል?

ወንድሜ እኔን የፈለገኝ ሥዕል ስለማነብ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ ቢሮ የቤት ፕላን እሠራለሁ። ከሣጥኑ የወጣው ሥዕል ግን ጉድ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀስት ተሠርቶለታል፤ የቱ ከየቱ በፊት እንደሚገባ የሚል ነገር የለም። ቅደም ተከተሉን ራሳችን እንወስን ማለት ነው። ይሄንን በሰማ ጊዜ ግቢው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ።

ወንድሜ ካሮሴሪያው፣ ማለትም የላይኛው አካሉ፣ ይቅደም አለ። «መኪና መኪና ሳይመስል ለሥራ ልብ አይነሳሳም።» እኔ ደሜ ፈላ። «መጀመሪያ ፍሬን ነው! የሚያቆመው ነገር ሳይኖር የሚሄደውን ትገጥማለህ?» ከበረንዳው ላይ የነበረው ተረበኛ ደግሞ «ጥሩምባው ይቅደም፣ እየነፋን እንሥራው» አለ። ሀጂ ሻያቸውን ይዘው ብዙ ካዳመጡ በኋላ «ወላሂ እኔ እንደሚመስለኝ ከታች ወደ ላይ ነው። ሻንሲው፣ ጎማው፣ ከዚያ ሌላው» አሉ። ሻንሲ የመኪናው አጽም ነው፤ የዚህኛው በወፍራም ቱቦ የተበየደ ትልቅ አልጋ ይመስላል። በሀጂ ሐሳብ ልንስማማ ስንል ነው እናቴ ምስር ከምትለቅምበት ጥግ የተናገረችው።

«ወንበሩን አስቀድሙ።»

ሁላችንም ዞርን። ከዚያ ሳቅ ሆነ። የክፋት አይደለም፤ እናት ስትቀልድ እንደሚሳቀው ነው።

«እማዬ፣ ወንበርማ የመጨረሻ ነው» አላት ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን እያባበለ። «አሁን ብናስገባው አቧራው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ብየዳው አለ። አንቺ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ይውደቅበት?»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ሀጂም። «እትዬ፣ እርስዎማ ሁሉም ነገር ካማረ በኋላ ነው የሚገቡት። ጎደሎ ነገር ላይ እንዴት ይቀመጣሉ?»

እናቴ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «አይ፣ እንዲያው ነው ያልኩት» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። በእኛ ቤት «እንዲያው ነው ያልኩት» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ለምን እንዳለችው አንዳችንም አልጠየቅናትም።

ሥራው ተጀመረ፤ በየቀኑ አንድ ጉድ አያጣም። ወንድሜ እኔ ቢሮ በሄድኩበት ክሩስኮቱን፣ ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ ማለት ነው፣ ገጥሞ፣ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ወልውሎ ጠበቀኝ። ሽቦዎቹ ሁሉ የሚያልፉት ከጀርባው ነው። አንድም ሽቦ አልገባም። «አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?» ብዬ ጮህኩበት። ሙሉ ቀን የገጠመውን ሙሉ ቀን ፈታው። ከዚያ ወዲያ ሥልጣኑ የእኔ ሆነ። ጠመኔ ገዝቼ በየዕቃው ላይ የሚገባበትን ተራ ጻፍኩ፤ ከሻንሲው አንድ ብዬ ጀምሬ ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሞተር፣ ባትሪ፣ ሽቦ እያልኩ ወረድኩ። ከሾፌሩ ጎን የሚገባው የእናቴ ወንበር የመጨረሻውን ቁጥር አገኘ።

በጥንቃቄስ እንከን አይወጣልኝም። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይወጣ ይሆን ብዬ የግቢውን በር ስፋት ለካሁ። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ኩርባ ለካሁ። በአዲሱ ሠፈር መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ሄጄ ለካሁ። ወንድሜ እየሳቀ «የአየሩንም ለኪልኝ» ይለኝ ነበር።

ተራው እስኪደርስ ወንበሩ ሳሎን ገባ። ክሬም ቀለም ያለው፣ ላስቲኩ ያልተነሳ፣ የሚያምር ወንበር ነው። እናቴ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። እንግዳ ሲመጣ ሰው ሁሉ እሱን አልፎ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ «የእትዬ የመኪና ወንበር ነው» እየተባለ በሩቅ ይታያል። አንድ ቀን ከጊዮርጊስ ደክሟት መጥታ፣ ዳንቴሉን አንስታ ልትቀመጥበት ስትል ደረስኩባት። «እማዬ! ሊቆሽሽ ነው እኮ!» አልኳት። «እውነትሽን ነው» ብላ ዳንቴሉን መለሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ወደ መደቡ ሄደች። ወንበሩ ያለ እግር መሬት ላይ ተቀምጦ ስለነበር ከመደቡ በጣም ያንሳል፤ ለመቀመጥ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንደነበረባት ያኔ አልታየኝም።

መኪናው አለቀ። ዛሬም ድረስ አለቀ ስል ራሴ ይገርመኛል። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሳው ድምፅ አልነበረውም፤ ተረበኛው ጎረቤታችን «ሞተ እንዴ?» ብሎ ሳይጨርስ መኪናው ፈቀቅ አለ። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ሀጂ «አላሁ አክበር» አሉ፣ እኔ ወንድሜ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፣ ፍሬኑም ያዘ።

እናቴ የምትገባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ወንድሜ በሸራ ሸፈነው፤ ማንም እንዲያየው አልተፈቀደም። ዳንቴሉን ከወንበሩ አውልቆ ወንበሩን በገዛ እጁ ገጠመ። እሑድ ጠዋት ማኅበርተኞቿ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። የንስሐ አባቷ ጠበል ሊረጩ ሲሉ እኔ «አባቴ፣ ከፊት በኩል ሽቦ አለበት፤ ከኋላ ይርጩልን» ብዬ ለምኜ ሰው አሳቅሁ። ጸሎት ተደረገ። ወንድሜ ሸራውን ገፈፈና በሩን ከፈተ። ላዳ ሲነዳ ለትልልቅ ሰዎች እንደሚያደርገው በአንድ እጁ በሩን ይዞ፣ ሌላውን እጁን ለእናቴ ዘረጋ።

እናቴ መጣች፣ በሩ ላይ ደረሰችና ቆመች።

በበሩ ሥር ያ ወፍራም የሻንሲ ቱቦ ያልፋል። ካሮሴሪያው ሲለብሰው ከፍ ያለ ደፍ ሆኗል፤ ከጉልበት በላይ ነው። ወንበሩ ያለው ከደፉ ወዲያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኔም ወንድሜም ስንገባበት ስንወጣበት የከረምነው እግራችንን እያነሳን እየተሻገርን ነው፤ ልብ ያልነው ነገር የለም። እናቴ ጣሪያውን ያዘችና ደህናውን እግሯን አነሳች። ያኛው አልሸከማት አለ፤ መለሰችው። ሌላውን ልታነሳ ሞከረች፤ ከመሬት ትንሽ ለቀቀና ቆመ። ከዚያ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታ ለመቀመጥ ዝቅ አለች፤ ያገኛት ደፉ ነው። ወንበሩ ከኋላዋ ከታች ነው። ደፉ ላይ እንደተንጠለጠለች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ፣ ያን ሁሉ ሰው አየች።

ያንን የመኪና በር እኔ ለክቼዋለሁ፤ ቁመቱንም ስፋቱንም በቃሌ አውቀዋለሁ። የግቢውን በር፣ የመንገዱን ኩርባ፣ ገና ያላደርኩበትን ሠፈር መቆሚያ ሁሉ ለክቼ የገዛ እናቴን ሳልለካ! ይሄ ሁሉ ብረት ለማን ነው የተገጣጠመው?

እናቴ በወንድሜ ትከሻ ተደግፋ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ማኅበርተኞቿ፣ የንስሐ አባቷ፣ ሀጂ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት እየሰማ እንዲህ አለች፦

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ መኪናው ምንም አልሆነ። ጉልበቴ ነው። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ከመኪናው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ዳገት ላይ ሰላምታ እያበዛች፣ ሙዚቃ እያሳበበች የደበቀችውን ነገር እኛን ለመሸፈን ስትል አወጣችው። ማኅበርተኞቿ መሬት መሬት አዩ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወንድሜ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሀጂ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ደፉን ብንቆርጠውስ?» አሉኝ በለሆሳስ። አይቆረጥም። መኪናውን ሰብስቦ የያዘው እሱ ነው፤ ቢቆረጥ መሀሉ ይታጠፋል። ወንበሩ ከፍ ይበል እንዳይባል ጣሪያው ጭንቅላቷን ይመታታል። ጣሪያው ከፍ ይበል ከተባለ በሩም መስተዋቱም አብሮ ይለወጣል። ሁሉም ነገር የተሠራው ወንበሩ የትም ቢሆን ግድ የለም ተብሎ ነው። ይሄን ሁሉ ለሀጂ ስዘረዝር ድምፄ እየጨመረ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ እየጮህኩ መሆኔን ያወቅሁት ወንድሜ ከመኪናው ወጥቶ ሲያየኝ ነው።

«ወንበሩን አስቀድሙ ብላን ነበር» አለ።

ለካ ያን ቀን የጠየቀችን ልትሞክረው ነበር። «ጉልበቴ ይገባ እንደሆነ ልየው» ማለት አልሆነላትም፤ እኛም «ጉልበትሽ ይገባ ይሆን?» ማለት ነውር ሆነብን። አክብረናት፣ አቧራ እንዳይነካት ብለን፣ ጎደሎ ላይ አትቀመጥም ብለን ከገዛ መኪናዋ አስወጣናት። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር ይሆናል ብዬ አላምንም።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ የእናቴን ወንበር ነቅሎ ሳሎን መለሰው፤ መኪናውን ግን እስከ መልቀቂያው ዋዜማ፣ ነድቶ አዲሱ ሠፈር እስኪያቆመው ድረስ፣ የነካው የለም። የመልቀቂያው ቀን ደረሰ፤ ግማሹ ሠፈር ፈርሶ የራሳችን አጥር ብቻውን ቆሟል። አይሱዙው መጥቶ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ድስቱ ተጫነ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ለምነናታል፣ ተቆጥተናታል፤ እኔ እንዲያውም አልቅሼባታለሁ። «መመለሻዬን አላየሁም» ትላለች፣ ያለ ቁጣ። እውነቷን ነው።

መጨረሻ ላይ ሀጂ ከየት እንዳገኙት እንጃ አንድ ያረጀ ላዳ ይዘው መጡ። «እትዬ፣ እስቲ ለእኔ ሲሉ፣ ቤቱን እንኳ አይተውት ይመለሱ» አሏት። ለሀጂ እምቢ አትልም። ተነሳች። ወንድሜ በሩን ከፈተላት፤ ስንት ዘመን ስንት አሮጊት ያሳፈረበት ያው ዓይነት በር ነው። እናቴ ለመኪናው ጀርባዋን ሰጠች፣ ቁጭ አለች፤ ደህናውን እግሯን አስገባች፣ ያኛውን በሁለት እጇ ከጉልበቱ ሥር ይዛ አነሳችና አስከተለችው። ምንም አልከበዳትም። የላዳው ደፍ ከወንበሩ በታች ነው፤ ወንበሩም ልክ እሷ መቀመጥ የምትችልበት ከፍታ ላይ ነው።

ወንድሜ በሩን ሊዘጋ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት።

«እማዬ፣ ቆይ። እንዳትነቃነቂ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ፤ «ሜትርሽን!»

ቦርሳዬን ዘርግፌ ሜትሩን አወጣሁ። ወንድሜ ፍርስራሹ አፈር ላይ ተንበረከከና ከመሬት እስከ ደፉ፣ ከደፉ እስከ ወንበሩ፣ ከዚያ «ይቅርታ እማዬ» ብሎ ከመሬት እስከ ጉልበቷ ለካ። የላዳው ሾፌር ጥሩምባ ነፋ፤ አይሱዙውም ከኋላ አስከተለ። ሀጂ «ታገሡ እንጂ!» ብለው ተቆጧቸው። እኔ የሚላቸውን ቁጥሮች መዳፌ ላይ እየጻፍኩ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ የልጇን አናት ታያለች። እሷን ሰው ሲለካት ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ አላፈረችም፤ እንዲያውም ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷን ቀና አድርጋ ሰጠችው።

«ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«ሁሉንም ለካህ?»

«ሁሉንም እማዬ። መኪናውን ፈትተን እንደገና ከወንበሩ ነው የምንጀምረው።»

«እንግዲያው በሩን ዝጋልኝ» አለች። «እሄዳለሁ።»

ላዳው ኩርባውን ሲዞር እኔ አይሱዙው ላይ ወጣሁ። የመኪናው ወንበር ከፍራሾቹ መሀል ተገልብጦ ተጭኗል። ከሥሩ የጻፍኩበት የጠመኔ ቁጥር አልጠፋም ነበር፤ በነጠላዬ ጫፍ አጥፍቼ እሱ ላይ ተደግፌ ሄድኩ።